ምርጊት፦ ከጠላ ጋን እስከ ትራክተር ሃይድሮሊክ

ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል በእንጦጦ ተራሮች ግርጌ በ705 ሄክታር ላይ የተዘረጋ ስፍራ ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት ነው። ስሙ ሲነሣ ሰው ጽዱን፣ ወይራውንና ኮሶውን ያስባል፤ ትራክተር የሚያስብ የለም። ይሁን እንጂ በየጋራዡ በመዶሻ እየተቀጠቀጠ የሚቆረጠው ጓርኒሲዮን ዘሩ ከዕፅዋት ነው። ወረቀቱ የሚሠራው ከእንጨት ነው፤ ቡሹ የሚገኘው ከቡሽ ዛፍ ቅርፊት ነው፤ የመጀመሪያው ጎማም የዛፍ ወተት ነበር። የእንፋሎት ሞተር በነገሠበት ዘመን ደግሞ የቧንቧ መጋጠሚያ የሚታሸገው ቀይ የእርሳስ ዱቄት በተልባ ዘይት ተለውሶ ነበር። የአገራችን የቧንቧ ሠራተኛ ዛሬም በቧንቧ ጥርስ ላይ ቃጫ ይጠመጥማል።

አገራችን ለዚህ ሥራ የራሷ ቃል አላት፦ ምርጊት። የጠላ ጋን አፉ ይመረጋል። አረቄ የምታወጣ ሴት መቃው ከእንስራው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በጭቃ ትመርጋለች። ይህች ሴት ሁለት ነገር ታውቃለች። አንደኛ፣ ጭቃው የሚይዘው የእንፋሎት ግፊቱ ትንሽ ስለሆነ ነው። ሁለተኛ፣ ጭቃው ከውጭ ይቀራል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ከገባ አረቄው ተበላሸ። ስለ ትራክተር ሃይድሮሊክ ማሸጊያ የሚነገረው ሁሉ ከእነዚህ ሁለት ነገሮች አይርቅም።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1890ዎቹ መጨረሻ፣ አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው የእንፋሎት ሞተር አዲስ አበባ ገባ። ሕዝቡም «የሰርኪስ ባቡር» አለው። እንዲህ ያለው ማሽን ሲያፈስ አይደብቅም፤ ነጭ እንፋሎት እያፏጨ ይወጣል፣ ባለሙያውም ቦታውን አይቶ ያሽጋል። ችግሩን ወደ ውስጥ የወሰደው በኋላ የመጣው ሃይድሮሊክ ነው።

አየርላንድ ተወልዶ ያደገው ሃሪ ፈርጉሰን ማረሻን ከትራክተር ጋር በሦስት ነጥብ አያይዞ በዘይት ግፊት የሚያነሣና የሚያወርድ ስልት አበጀ። እ.ኤ.አ. በ1946 እንግሊዝ አገር መመረት የጀመረው ትንሹ ግራጫ ትራክተሩ ይህን ስልት በዓለም አሰራጨ። በ1953 ድርጅቱ ከካናዳው ማሴ ሃሪስ ጋር ተዋሐደ፤ በኋላም ማሴ ፈርጉሰን የሚለው ስም ተወለደ። ብዙ የአገራችን ገበሬና መካኒክ የሚያውቀው ቀዩ ማሴ ፈርጉሰን 135 የዚሁ ቤተሰብ ልጅ ነው።

በ1960 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን ርዳታ የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት አሰላ ላይ ሥራ ሲጀምር ዓላማው ትንሹን ገበሬ ማሳደግ ነበር። ነገር ግን የአርሲ ባለመሬቶች በትራክተር ማረስ እንደሚያዋጣ ሲያዩ መሬታቸውን ራሳቸው ማረስ ያዙ። ብዙ ጭሰኛም ተፈናቀለ። ማረሻውን ያነሣው የብረት ክንድ ጭሰኛውንም ከመሬቱ አነሣው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ ሰፋፊዎቹ እርሻዎች ወደ መንግሥት እርሻነት ተዛወሩ፤ ትራክተሮቹም ጌታ ለወጡ። በ1970ዎቹ ደግሞ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ናዝሬት ላይ የትራክተር መገጣጠሚያ ተቋቁሞ ቤላሩስ ትራክተር መገጣጠም ጀመረ።

በአንድ አገር ሁለት ዓይነት ሃይድሮሊክ ጎን ለጎን ቆመ። በማሴ ፈርጉሰን 135 ፓምፑ የተቀመጠው ከመቀመጫው ሥር፣ በካምቢዮው ቤት ውስጥ፣ ዘይት ውስጥ ጠልቆ ነው። ካምቢዮውና ሃይድሮሊኩ አንድ ዘይት ይጠጣሉ። በቤላሩስ ግን ፓምፑ የጥርስ ፓምፕ ነው፤ ሃይድሮሊኩም የራሱ የዘይት ጋን አለው። የአንዱን ልማድ ይዞ ሌላውን የሚፈታ እጅ ይሳሳታል።

ማሸጊያ የሚያጠፋውም የሚያድነውም እዚህ ላይ ነው። የማሴው ትልቁ የላይ ክዳን ከታች ያለው ዘይት ይረጨዋል እንጂ ግፊት አያርፍበትም። ልክ እንደ አረቄዋ እንስራ ነው። ወረቀቱ ላይ በስሱ የተቀባ፣ የማይደርቅ ማሸጊያ ይበቃዋል። ፓምፑ ወደ ማንሻው ሲሊንደር የሚልከው ዘይት ግን ከ150 ባር በላይ ሊደርስ ይችላል፤ የቤት መኪና ጎማ 2 ባር ተኩል ገደማ ነው። ይህን ግፊት ምንም ዓይነት ሲሊኮን አይችለውም። የሚችለው በልኩ የተሠራ የጎማ ቀለበትና ያልተጫረ ብረት ነው። ቀለበቱ ካረጀ መቀየር እንጂ መምረግ አያድነውም።

ሲሊኮን በብዛት ሲቀባ ቡሎኑ ሲጠብቅ ግማሹ ወደ ውጭ፣ ግማሹ ወደ ውስጥ ይወጣል። የውጪው ይታያል፣ ይጠረጋል። የውስጡ በዘይት ርሶ ይላቀቅና ፓምፑ ዘይት ወደሚስብበት ወንፊት ይሄዳል። ወንፊቱ ሲደፈን ፓምፑ ይራባል፤ ማረሻው እየተንቀጠቀጠ ይነሣል ወይም ጭራሽ አይነሣም። ቁራጩ በመቶኛ ሚሊሜትር ክፍተት ወደሚንሸራተተው ቫልቭ ከደረሰ ደግሞ ማረሻው ወጥቶ አልወርድም ይላል። ያን ጊዜ «ፓምፑ አርጅቷል» ይባላል። ጤነኛ ፓምፕ ይወርዳል፣ ገንዘብ ይወጣል፣ ትራክተሩም ክረምቱን ቆሞ ያሳልፋል። በሐምሌ የቆመ ትራክተር ያጎደለውን ጥቅምት አይመልሰውም።

መካኒኩን ብቻ መውቀስ ግፍ ነው። መለዋወጫው ከውጭ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ነው። የጠፋው ጓርኒሲዮን ከካርቶን ይቆረጣል፤ ካርቶኑ ስለማያስተማምን ሲሊኮኑ ይደረብበታል። እንዲህ እያለ በችግር የተጀመረው ዘዴ ወደ ልማድ፣ ልማዱ ወደ ሙያ ተለወጠ። ዛሬ ትክክለኛው ወረቀት በእጁ እያለ ሲሊኮን የሚደርብ አለ፤ እንዲያ ስለተማረ ነው። የችግር ዘዴ ሙያ ሆኖ ሲወረስ ነው ትውልድ የሚጎዳው።

ትክክለኛው አሠራር ግን ውድ አይደለም። ሁለቱ የብረት ፊቶች ሳይጫሩ ይጸዳሉ፣ ከዘይት ይደርቃሉ። ወረቀቱ በቀድሞው ውፍረት ይቆረጣል፤ ውፍረቱ በአንዳንድ ቦታ የክፍሎቹን ክፍተት የሚወስን ልክ ነውና። ማሸጊያው ካስፈለገ በስሱ ይቀባል፣ መውጫ በሌለው የቡሎን ቀዳዳ ውስጥ አይጨመርም። በዚያ የታመቀ ፈሳሽ ቡሎኑ ሲጠብቅ ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ቡሎኖቹ በመስቀለኛ ተራ ይጠብቃሉ። የሚደርቅ ዓይነት ከሆነ ሳይደርቅ ዘይት አይሞላም። ከሁሉ በፊት ደግሞ ወንፊቱ ይታያል።

ምርጊት ያፈሰሰውን ይሸፍናል፤ ለምን እንዳፈሰሰ ግን አይጠይቅም። ቀዩ ማሴ ባለመሬት፣ አብዮትና የመንግሥት እርሻ አልፎ ዛሬም የሚሠራው ይህን ጥያቄ በጊዜው የጠየቀ ሰው ባገኘበት ቦታ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውም ለዚህ ነው።