ፈረስ ለሜዳ፣ በቅሎ ለገደል፤ የበረዶ ሰሌዳዎችና የአንድ ኢትዮጵያዊ ታሪክ



ከላሊበላ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚወጣ የላስታ ሰው ፈረሱን ትቶ በቅሎ ይጭናል። ፈረስ ለሜዳ፣ በቅሎ ለገደል መሆኑን ከልጅነታችን ስለምናውቀው እንደ እውቀት አንቆጥረውም። የዛሬው ንግግሬ ይኸው እውቀት በበረዶ ላይ ስለያዘው መልክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 ሮቤል ተክለማርያም የተባለ ኢትዮጵያዊ በቱሪን የክረምት ኦሊምፒክ በስኪ እንደሚወዳደር ስሰማ ከሳቁት አንዱ ነበርኩ። «የእኛን ሰው ከበረዶ ምን አገናኘው?» አልኩ። የታሪክ መምህር ሆኜ እንዲህ ማለቴ ዛሬም ያሳፍረኛል፤ ሁለት ነገሮችን ዘንግቼ ነበርና።

አንደኛው የራሳችን ሰነድ ነው። ስሙ ያልታወቀ አንድ የአክሱም ንጉሥ በአዱሊስ ያስቀረጸውን ጽሑፍ፣ ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገልብጦት ነበር። ንጉሡ ወንዙን ተሻግሮ በሰሜን ተራሮች ስለ መዝመቱ ሲናገር፣ በረዶው ሰውን እስከ ጉልበት ይውጥ እንደነበር ይገልጻል። ብዙ ሊቃውንት ያ ወንዝ ተከዜ ነው ይላሉ፤ ተከዜ ደግሞ ምንጩ እዚሁ ላስታ ነው።

ሁለተኛው የመሣሪያው ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ሸርማን ፖፐን የተባለ አሜሪካዊ ለልጆቹ መጫወቻ እንዲሆን ሁለት ስኪዎችን ጎን ለጎን አያይዞ ሠራ። ከዚህ መጫወቻ ያደገው ስኖውቦርድ እ.ኤ.አ. በ1998 በናጋኖ ኦሊምፒክ ገባ። እስከዚያም ሰሌዳው እንደ አነዳዱ ስልት ተለያይቶ ነበር። ለዝላይና ለትርኢት የሚሆነው አጠር ያለ፣ የሚለመጥና ሁለቱ ጫፎቹ አንድ ዓይነት የሆኑ ነው፤ ነጂው በየትኛውም ጫፍ ፊት ቢያርፍ እንዲያስኬደው። ለጥልቅና ላልተረገጠ በረዶ የሚሆነው አፍንጫው ረዘምና ሰፋ ይላል፤ የእግር ማሰሪያውም ወደ ኋላ ሸሸት ስለሚል ፊቱ በበረዶው ውስጥ አይሰምጥም። ለፍጥነት ውድድር የሚሆነው ጠባብ፣ ረጅምና ግትር ነው፤ በጠርዙ በረዶውን እየቆረጠ እንዲታጠፍ። ለሁሉም ልሁን የሚለው በመካከል ይቆማል።

የስኪም ነገር እንዲሁ ነው። ሮቤል በቱሪን የተወዳደረው በ15 ኪሎ ሜትር ክላሲክ ነበር። የክላሲክ ስኪ ረዘም ይላል፤ መሐሉ ቀስት ስለሆነ ሲረገጥ ከሥሩ የተቀባው ሰም በረዶውን ይይዛል፣ ሲለቀቅ ይንሸራተታል። ከአራት ዓመት በኋላ በቫንኩቨር የተሰለፈው በዚያው 15 ኪሎ ሜትር ቢሆንም ስልቱ ነጻ ነበር። የዚህኛው ስኪ አጠር ያለና ግትር ነው፤ የሚይዝ ሰም አይቀባም፣ እግር ወደ ጎን እየገፋ ይሄዳል፣ ዱላውም ይረዝማል። ርቀቱ አንድ ነው፤ መሣሪያውና የሰውነት እንቅስቃሴው ግን ሌላ።

ስኪን አሜሪካ የተማረው ይህ ሰው ኢትዮጵያ ሲመጣ የሚንሸራተትበት በረዶ አላገኘም። ስለዚህ ጎማ የተገጠመለት ስኪ አድርጎ በአዲስ አበባ አስፋልት ላይ ተለማመደ። በቅሎ ሲጠፋ በእግር እንደሚወጣው የአገራችን መንገደኛ፣ ለመሬቱ የሚሆን መሣሪያ መረጠ።

በሁለቱም ኦሊምፒኮች ከሜዳልያ ርቆ ጨረሰ። የስፖርት ታሪካችንን በሜዳልያ ብቻ ከጻፍነው ስሙ ከገጹ ይወጣል፤ ከእሱም ጋር ኢትዮጵያዊ በማያውቀው መሬት ላይ እንዴት እንዳሰበ የሚያሳየው ምስክር ይጠፋብናል። ያኔ የሳቅሁት ደረጃውን ብቻ ስለጠበቅሁ ነው።

ተማሪዎቼ፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ይዛችሁ ስትመጡ፣ «ስንተኛ ወጣ?» ከማለታችሁ በፊት «በምን መሬት፣ በምን መሣሪያ?» ብላችሁ ጠይቁ። የላስታ ገበሬ በቅሎውን ከመጫኑ በፊት የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።