ኅዳር ሲታጠን አስታማሚዎቹን ማን አጽናና?

ኅዳር 12 ቀን በደረሰ ቁጥር አዲስ አበባ ቆሻሻዋን ጠርጋ ታቃጥላለች፤ መንደሩ ሁሉ በጭስ ይታፈናል። ልማዱን ያወረሰን የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ነው። ያኔ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ በከተማችን ብቻ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው እንደፈጀ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። ራስ ተፈሪ እንኳ በጠና ታመው ነበር የተረፉት። ቀባሪ ጠፍቶ ብዙ ሬሳ በአንድ ጉድጓድ ገባ፤ ጅብም ከሬሳው ተካፈለ። ቤተሰቡ በሙሉ ተኝቶ ማን ለማን ያልቅስ?

እኔ ነርስ ነኝ። ይህን ታሪክ ሳነብ ከሟቾቹ ቁጥር ይልቅ የሚከብደኝ ያልተለቀሰው ለቅሶ ነው። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፣ ሐዘንተኛው ብቻውን አያድርም። ከዚያ ዘመን ወዲህ በከተማው የተስፋፋው እድር ይህን ሁሉ በሥርዓት ያዘው። አያቶቻችን ለተሰበረ ልብ ያዘጋጁት ሕክምና ይህ ነው፤ ወረርሽኝ ሲገባ ደግሞ ቀድሞ የሚቋረጠው እሱ ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ በአገራችን ተገኘ። ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል የኮቪድ ማዕከል ሆነ፤ የሠርግና የባዛር ቦታ የነበረው ሚሊኒየም አዳራሽም አልጋ ተደረደረበት። መሰብሰብ ተገደበ፤ የለቅሶ ድንኳንም ቀረ።

እኔ የተመደብኩበት ክፍል ያሉት ታማሚዎች ሁሉ በኦክስጅን የሚተነፍሱ ነበሩ። አንድ አባት «ሲስተር፣ ለልጄ ደውይልኝ» አሉኝ። ስልኩን በጓንት ይዤ ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው። ሌሊቱን ዐረፉ። ገንዘን ሸኘናቸው፤ ብዙም ሳይቆይ አልጋቸው ላይ ሌላ ሰው ተኛ። መነጽሬ ውስጥ እንባዬ ሞልቶ መጥረግ አልቻልኩም፤ ፊትን መንካት ክልክል ነው። ከፈረቃ ስወጣ ወደ ቤቴ ሳይሆን ወደ ለይቶ ማቆያ ሄድኩ። እዚያም ሌሊት የታማሚዎቹ ክፍል መሣሪያ ጩኸት የተሰማኝ እየመሰለኝ እነቃ ነበር። የሥራ ባልደረባዬን አከራይዋ «በሽታ ታመጪብናለሽ» ብላ ቤት አስለቀቀቻት። ከዚያ ወዲህ ደም ሥር ስትፈልግ እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

በባህላችን ሐዘንተኛ የሚባለው ዘመድ ነው። ነርሷ፣ ሐኪሙ፣ አስከሬን ያመላለሰው ሠራተኛ ከሐዘንተኛ አይቆጠሩም፤ ስለዚህ የሚያጽናናቸው አልነበረም። እኛን ያጽናናችን አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ናት። ግቢው ውስጥ ተራርቀን ቆመን ሳለ «እናንተም እኮ ሐዘን ላይ ናችሁ፤ እግዜር ያጽናችሁ» አለችን። ያን ቀን ነው ሁላችንም ድምፅ አውጥተን ያለቀስነው። ባልደረባዬም ስለ እጇ የተናገረችው ያኔ ነው፤ ኋላ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ሄዳ ታከመች።

በ1911ዱ ዘመን ያስታመሙ ሰዎች ሐዘናቸውን ይዘው አለፉ፤ ከተማይቱ ያቆየችው ጭሱን ብቻ ነው። የ2012ቶቹ ግን ዛሬም በየዋርዱ ተረኛ ናቸው። የሆስፒታል ኃላፊዎች ሆይ፣ ከከባድ ፈረቃ በኋላ ዕረፍትና የሚያዳምጥ ባለሙያ መድቡላቸው። አንባቢዬ፣ አንተም በሰፈርህ ነርስ ካለች የፊታችን ኅዳር 12 ቀን በሯን አንኳኳና «እግዜር ያጽናሽ» በላት።