ስለ ፀሐይ፥ ስለ ጥላና ስለ መግነጢስ መርፌ

በሀገራችን ከጥንት ጀምሮ የዕለትና የወቅት መለኪያ ፀሐይ ናት። ሊቃውንት ዓመታቱንና በዓላቱን በባሕረ ሐሳብ ይቀምሩ ነበር፤ የቀኑንም ሰዓት የሰው ጥላ ስንት እግር እንደ ሆነ በመስፈር ያውቁ ነበር፤ ይህም ስፍር በየወሩ ተለይቶ በግእዝ መጻሕፍት ተጽፎ ይገኛል። መጽሐፈ ሄኖክም ፀሐይ በምሥራቅ ካሉት ስድስት ደጆች እየወጣች በምዕራብ ባሉት ስድስት ደጆች እንደምትገባ፥ ዓመቱም 364 ቀን እንደ ሆነ ይናገራል። ይህ ሁሉ ዕውቀት በዓይን ከሚታየው የተገኘ ነው። ፀሐይ ግን ለዓይን የማይታይ ሌላ ሥራ አላት፤ ይኸውም የምድርን መግነጢሳዊ ኀይል በየዕለቱ ማወዛወዝ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ ሥራ የታወቀበት ታሪክ ከኢትዮጵያ ጋር እንዴት እንደ ተገናኘ በአጭሩ መግለጽ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

በ1724 ጆርጅ ግራሐም የተባሉ የሎንዶን ሰዓት ሠሪ ሰሜን ጠቋሚው መርፌ በቀን ውስጥ በጥቂቱ ወዲያና ወዲህ እንደሚል አስታወቁ። ኋላም ይህ ንቅናቄ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ወደ አንድ ወገን፥ በስተደቡብ ደግሞ ወደ ተቃራኒው እንደ ሆነ ታየ። እንግዲህ በመካከሉ ባለው ሀገር መርፌው ምን ያደርጋል? የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ይህን እንዲመረምሩ በ1830ዎቹ ዓመታት አንቷን ዳባዲን ወደ ብራዚል ላከ።

እኚሁ ሰው በ1838 ከወንድማቸው ከአርኖ ጋር በምፅዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገብተው ዐሥር ዓመት ያህል ቈዩ። የተራሮችን ስፍራና ከፍታ በማዕዘን እየለኩ ካርታ አዘጋጁ፤ የብራና መጻሕፍትንም ሰበሰቡ። በ1859 ያሳተሙት ዝርዝር 234 መጻሕፍትን የያዘ ነው፤ በ1881 ደግሞ የአማርኛ መዝገበ ቃላት አወጡ። በብራዚልና በኢትዮጵያ ያደረጉት የምድር ተፈጥሮ ምርመራም በ1873 ታትሟል።

የጥያቄው ሙሉ መልስ ግን ገና ብዙ ዘመን የሚጠብቅ ነበር። በ1882 ባልፎር ስቲዋርት የመርፌው ንቅናቄ ምክንያት በላይኛው አየር የሚፈስ ኤሌክትሪክ ሊሆን ይችላል አሉ። በ1922 በፔሩ ሀገር በዋንካዮ የመግነጢስ መመልከቻ ጣቢያ ተቋቋመ፤ በዚያም የቀትሩ ለውጥ ከሌላው ስፍራ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱም እንዲህ ነው። የፀሐይ ጨረር ላይኛውን አየር ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ያደርገዋል፤ ያም አየር በነፋስ ሲነዳ የኤሌክትሪክ ፈሳሽ ይወለዳል። ነፃ የተሰቀለ መርፌ ጫፉ ሳያዘቀዝቅ አግድም በሚቆምበት መስመር ላይ፥ ማለት በመግነጢሳዊው ወገብ ላይ፥ ፈሳሹ 105 ኪሎሜትር በሚያህል ከፍታ በጠባብ መቀነት ተሰብስቦ ቀን ቀን ወደ ምሥራቅ ይጐርፋል፤ ሌሊት ግን እጅግ ይደክማል። ሲድኒ ቻፕማን በ1951 ኤሌክትሮጄት ብለው ሰየሙት።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 1,000 ኪሎሜትር ያህል ወደ ሰሜን ርቃ ሳለች መግነጢሳዊው ወገብ በአጠገቧ ያልፋል። ስለዚህ ከሐምሌ 1957 እስከ ታኅሣሥ 1958 በተደረገው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት፥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን አባ ፒየር ጉዌን የምርምር ጣቢያ አቋቋሙ፤ የመግነጢሱም መዝገብ ከ1958 ጀምሮ ይገኛል። አባ ጉዌን በ1979 ያሳተሙት የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ደግሞ የመሣሪያውን መዝገብ ከነገሥታት ዜና መዋዕልና ከመንገደኞች ማስታወሻ ጋር አስተባብሮ የያዘ ነው።

ከዚህ እንደምናየው ብራናውን የፈለጉትና መርፌውን የተመለከቱት ሰዎች ሁለት ጊዜ አንድ ሆነው ተገኝተዋል። ይህም በአጋጣሚ ብቻ የሆነ አይመስለንም፤ ሁለቱም ሥራ ያለፈውን ዘመን ለሚመጣው ማቈየት ነውና። ዛሬ በመግነጢሳዊው ወገብ ሰማይ የሚነሣው ሁከት የሳተላይትን ምልክት ስለሚያውክ፥ የትናንቱ መዝገብ ለዛሬ ሥራ ይፈለጋል። የጠፋ ብራና ምናልባት በሌላ ገዳም ቅጂው ይገኝ ይሆናል፤ መርፌው ሳይመዘገብ ያለፈ ቀን ግን ቅጂ የለውም። ስለዚህ የብራናው ዕቃ ቤትና የመርፌው መዝገብ በእኩል ትጋት ሊጠበቁ ይገባል።