የመርካቶ የመጠጥ ውሃ ጥራትና ቁጥጥሩ

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የመርካቶ ገበያ ሰፈር የቧንቧ ውሃ የሚያገኘው ከአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ነው። የከተማዋ ውሃ በ1930ዎቹ ከተገነባው ከገፈርሳ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከተሠራው ከለገዳዲ፣ ኋላ ከታከለው ከድሬ ግድብና ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ይመጣል።

ሕጉ የማያሻማ ነው። የኅብረተሰብ ጤና አዋጅ ቁጥር 200/1992 ጥራቱ ያልተረጋገጠ የምንጭ፣ የጉድጓድም ሆነ የቧንቧ ውሃ ለሕዝብ እንዳይቀርብ ከልክሎ ነበር፤ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 661/2002 ተተክቷል። በ100 ሚሊ ሊትር ናሙና ውስጥ ኢ. ኮላይ የተባለው የዓይነ ምድር ባክቴሪያ አንድም መገኘት የለበትም። ባለሥልጣኑ በራሱ ላቦራቶሪ ይመረምራል። ውሃውን የሚሸጠውም የሚፈትሸውም አንድ ስለሆነ ግን የጤና ተቆጣጣሪዎች ለብቻቸው የሚወስዱት ናሙና ትልቅ ዋጋ አለው።

በየቧንቧው ጫፍ በቶሎ የሚለካው ቀሪ ክሎሪን ነው። ከቧንቧው በተቀዳ ውሃ ውስጥ ትንሽ የመመርመሪያ ክኒን ሲሟሟ ክሎሪን ካለ ውሃው ሮዝ ይሆናል፤ ቀለሙ በደመቀ ቁጥር መጠኑ ከፍ ያለ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ውሃው ተጠቃሚው ዘንድ ሲደርስ ቢያንስ በሊትር 0.2 ሚሊ ግራም እንዲቀር ይመክራል። የባክቴሪያው ምርመራ ግን አንድ ቀን ገደማ ይፈልጋል፤ ውጤቱ እስኪታወቅ ውሃው ተጠጥቷል።

ችግሩ በአብዛኛው ከማጣሪያው ወዲህ ነው። ውሃ በፈረቃ ሲለቀቅ፣ በተቋረጠበት ሰዓት የቧንቧው ግፊት ይወርዳል፤ የተሰነጠቀ ቧንቧ በቦይ ወይም በመጸዳጃ ፍሳሽ አጠገብ ካለፈ ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ይስባል። ፈረቃ የለመደ ሰው ውሃ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደውን ደፍርሶ ሲያየው የሚያፈሰው በከንቱ አይደለም። ከዚያ ወዲያ ሮቶና ጀሪካን አሉ። ሮቶውን ማጠብ የባለሕንፃው ፈንታ ነው። ምናለሽ ተራን በመሰለ የአሮጌ ዕቃ ገበያ የተገዛ ጀሪካን ደግሞ ቀድሞ ዘይት ይያዝበት ኬሚካል ገዢው አያውቅም፤ በቧንቧው ጫፍ የሚደረገው የክሎሪን ምርመራም ይህን አይደርስበትም።

በ2008 ዓ.ም. አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት (አተት) አዲስ አበባ ሲገባ ውሃ አፍልቶ ወይም እንደ ውሃ አጋር ባለ የክሎሪን ማከሚያ አክሞ መጠጣት ከዋናዎቹ ምክሮች አንዱ ነበር። በየሱቁ የሚሸጠው የታሸገ ውሃ ቁጥጥር ለብቻው ነው፤ እንደ ምግብ ተቆጥሮ በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሥር ይወድቃል።