ቀልጦ የሚያድን ሽቦ፦ ፊውዝ ከቴሌግራፍ እስከ ፀሐይ ኃይል ባትሪ

ፊውዝ ማለት ከተወሰነለት መጠን በላይ የኤሌክትሪክ ጅረት ሲያልፍበት በራሱ ሙቀት ቀልጦ መስመሩን የሚቆርጥ ቀጭን ሽቦ ወይም ስስ ብረት ሲሆን፣ ዕድሜው ኤሌክትሪክ ወደ መኖሪያ ቤት ከገባበት ዘመን ይቀድማል። ፈረንሳዊው ሉዊ ብረጌ እ.ኤ.አ. በ1847 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የቴሌግራፍ ጣቢያዎችን ከመብረቅ ለመጠበቅ ከዋናው መስመር የቀጠነ ሽቦ እንዲገባባቸው ሐሳብ አቀረበ፤ መብረቁ በመስመሩ ሲመጣ ቀጭኑ ሽቦ ቀድሞ ይቀልጣል፣ መሣሪያውና ሠራተኛው ግን ይተርፋሉ። ሐሳቡ የቆመው በቀላል የተፈጥሮ ሕግ ላይ ነው፤ በአንድ ሽቦ ውስጥ የሚያልፈው ጅረት እጥፍ ሲሆን የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል፣ በመንገዱ ላይ ከሁሉ የቀጠነው ክፍልም ከሌላው ቀድሞ ይግላል።

በታሪክ መጻሕፍት የፊውዝ አባት ተብሎ የሚነሳው ቶማስ ኤዲሰን ነው፤ ይህም ለብረጌ ፍትሕ የጎደለው አጠራር ነው። ቢሆንም ሐሳቡን ከቴሌግራፍ ጣቢያ አውጥቶ ወደ መኖሪያ ቤት ያስገባው ኤዲሰን መሆኑ አይካድም። በ1880 በሚቀልጥ የደኅንነት ሽቦ ላይ የፈጠራ መብት አገኘ፤ መስከረም 4 ቀን 1882 ደግሞ በኒው ዮርክ ፐርል ጎዳና ላይ ያቋቋመው የኃይል ማመንጫ ሥራ ሲጀምር፣ ለደንበኞች የሚሰጠው ኃይል ቀጥታ ጅረት፣ ማለትም አቅጣጫውን ሳይለውጥ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚፈስ ጅረት ነበር። የማመንጫው ጉልበት የአንዱ ቤት ሽቦ ሊሸከም ከሚችለው እጅግ የሚበልጥ ስለነበረ፣ በየቤቱ መግቢያ ላይ ደካማ ቦታ ሆን ብሎ መፍጠር ግድ ሆነ። ከዚህ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1890፣ እንግሊዛዊው ሞርዴይ የሚቀልጠውን ሽቦ በደቃቅ ዱቄት በተሞላ የመስታወት ቱቦ ውስጥ አስገባው፤ በጊዜው ጥቃቅን ማሻሻያ ቢመስልም ከኤዲሰን ሥራ ይልቅ ዕድሜ ያገኘው ይህ ነው።

የዱቄቱ ጥቅም የሚገባው የሽቦ መቅለጥ ብቻውን ጅረትን እንደማያቆም ሲታወቅ ነው። ሽቦው ቀልጦ ክፍተት ሲፈጠር ጅረቱ አየሩን እየሰነጠቀ፣ ባለሙያዎች አርክ በሚሉት የሚነድ ድልድይ ላይ መፍሰሱን ይቀጥላል፤ ዱቄቱ የሚያገለግለው ይህን አርክ ለማጥፋት ነው። ተለዋዋጭ ጅረት፣ ማለትም አቅጣጫውን በየጊዜው የሚቀያይረው፣ በ50 ኸርዝ መስመር ላይ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ስለሚደርስ አርኩ በየአጋጣሚው የመጥፋት ዕድል አለው፤ ቀጥታ ጅረት ግን እንዲህ ያለ ዕረፍት የለውም። ስለዚህ ዓለም በኤዲሰን ቀጥታ ጅረት ፈንታ ተለዋዋጭ ጅረትን ሲመርጥ የመቁረጥ ሥራም አብሮ ቀለለ። ሁጎ ስቶትዝ በ1924 በጀርመን የፈጠራ መብት ያገኘበትና ዛሬ በየቤቱ ቆጣሪ አጠገብ የሚታየው የብሬከር (ሳይቀልጥ በራሱ መስመሩን የሚቆርጥ መሣሪያ) ዘር የተስፋፋው በዚሁ በቀለለ ዓለም ውስጥ ነው። ቀጥታ ጅረትም ቀስ በቀስ ከከተማ መስመሮች ወጣ፤ በኒው ዮርክ እንኳ የመጨረሻው ደንበኛ የተቋረጠው በኅዳር 2007 ነው።

ቀጥታ ጅረትን የመቁረጥ ሙያ ሙሉ በሙሉ ያልተረሳው በስልክ ማዕከሎች ነበር፤ በእነዚህ ስፍራዎች በ48 ቮልት የሚሠሩ ትልልቅ የእርሳስና የአሲድ ባትሪዎች ሌትና ቀን ቀጥታ ጅረት ያቀርቡ ነበር። የፀሐይ ኃይልም የመጀመሪያ ፈተናውን ያገኘው በስልክ መስመር ላይ መሆኑ እንግዳ አይደለም፤ በቤል ላቦራቶሪ ቻፒን፣ ፉለርና ፒርሰን በ1954 ይፋ ያደረጉት የሲሊከን ሴል ከአንድ ዓመት በኋላ በጆርጂያ ግዛት፣ አሜሪከስ በምትባል ከተማ አካባቢ የገጠር ስልክ መስመር ባትሪ ሲሞላ ተሞክሯል።

የፀሐይ ኃይል ወደ መኖሪያ ቤት ሲገባ ግን አንድ የተሳሳተ ግምት አብሮ ገባ፤ አደጋው ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ ከሚለውጠው ፓነል የሚመጣ ይመስል ነበር። በእርግጥ የፓነሉ ሁለት ጫፎች ቢገናኙ የሚፈሰው ጅረት በመደበኛ ሥራው ጊዜ ከሚሰጠው የሚበልጠው በጥቂቱ ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ፓነል ከሚወርድበት ብርሃን በላይ መስጠት አይችልም። ባትሪ ግን ያጠራቀመውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊለቅ ይችላል። የ12 ቮልት ባትሪ ውስጣዊ ሬዚስታንስ፣ ማለትም ባትሪው ራሱ በጅረቱ መንገድ ላይ የሚያሳድረው እንቅፋት፣ 5 ሚሊኦም ቢሆን፣ ጫፎቹ በአንድ መፍቻ ቢገናኙ ወደ 2,400 አምፒር ይፈሳል፤ አራት ተመሳሳይ ባትሪዎች ጎን ለጎን ሲገናኙ ደግሞ 9,600። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የመጡት የሊቲየም ብረት ፎስፌት ሴሎች ውስጣዊ እንቅፋታቸው ከዚህም ያነሰ በመሆኑ ቁጥሩ ከፍ ይላል። በሊቲየም ባትሪ ውስጥ የሚገኘው የኤሌክትሮኒክስ ተቆጣጣሪም ፊውዝን አይተካም፣ ትራንዚስተሮቹ ሲበላሹ ብዙ ጊዜ ጅረቱን ቆርጠው ሳይሆን አስተላላፊ ሆነው ይቀራሉና።

ለተለዋዋጭ ጅረት የተሠራ የቤት ብሬከር ከባትሪ ጋር ሲገናኝ የሚከሰተው ጥፋት ከዚህ ግዙፍና ዕረፍት ከሌለው የባትሪ ጅረት የመነጨ ነው፤ ብሬከሩ ይከፈታል፣ አርኩ ግን አይጠፋም፣ ሣጥኑም ይነዳል። የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ደንብ ለፀሐይ ኃይል የተለየ አንቀጽ ያወጣው በ1984 ሲሆን፣ በሙያው የጸናው ልማድ ፊውዙ የሚጠብቀው ባትሪውን ሳይሆን ከባትሪው የሚወጣውን ኬብል መሆኑን አውቆ ወደ ባትሪው ጫፍ በተቻለ መጠን አስጠግቶ ማሰር ነው፤ በባትሪውና በፊውዙ መካከል ያለው ሽቦ ምንም ጠባቂ የለውምና። ለዚህ ቦታ በብዛት የሚመረጠው ክላስ ቲ የተባለው ፊውዝ በቀጥታ ጅረት ላይ ጫፎቹ ሲገናኙ የሚፈሰውን እስከ 20,000 አምፒር የሚደርስ ጅረት መቁረጥ ይችላል። የዚህ አቅም ምንጭ ሞርዴይ በ1890 በቱቦ ውስጥ የጨመረው ዓይነት ደቃቅ ሙሌት፣ በዛሬው ፊውዝ አሸዋ፣ ነው፤ ፊውዙ ከሠራ በኋላ ቢሰነጠቅ፣ የቀለጠው ብረት በነበረበት ቦታ አርኩን በማጥፋት ላይ ሳለ ራሱ የቀለጠና ወደ መስታወትነት የተለወጠ የአሸዋ ጓል ይገኛል።