መብራት ያበራ ሁሉ ባለርስት ነውን?

ከሱዌዝ ተነሥቶ በቀይ ባሕር ወደ ደቡብ የሚወርድ መርከብ በቀኙም በግራውም የሚጠብቀው ዳርቻ ለእንግዳ ፊቱን የሚፈታ አይደለም። ገና ከመነሻው ከውኃው ሥር አድፍጦ የመርከብ ሆድ የሚቀድድ የኮራል ዓለት አለ፤ ወደ ደቡብ እሳተ ገሞራ የተፋቸው ጥቁር ደሴቶች አሉ፤ ከባብ ኤል መንደብ አልፎ ወደ ህንድ ውቅያኖስ ሲወጣ ደግሞ የአፍሪካ ቀንድ ጫፍ ገደል ሆኖ ይቀበለዋል። በዚህ ሸካራ መንገድ ላይ ከ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ የተተከሉ የባሕር መብራት ማማዎች አሉ። ይህች ጽሑፍ ከእነርሱ ጥቂቶቹን ከሰሜን ወደ ደቡብ በየተራ ትጎበኛለች። (ዘመናቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ውድ አንባቢ፣ የባሕር በር የሌላት አገር ሰው ስለ ባሕር መብራት ምን አገባው ትሉ ይሆናል። የባሕር በር ጥያቄ ከ2023 ወዲህ በአገራችን ዳግም የአደባባይ ርእስ ከሆነ ጀምሮ «ታሪክ ይመስክር» የሚለው ቃል ከተሟጋቾች አፍ አይጠፋም። ታሪክ በፍርድ ሸንጎ ፊት ሲቆም ምን እንደሚመሰክርና ምን ላይ ዝም እንደሚል ለማወቅ፣ ይህ ጸሐፊ ከእነዚህ ማማዎች የተሻለ አስተማሪ አላገኘም።

በሸራ ዘመን የባሕሩን ጠባይ የሚያውቅ የአካባቢው መርከበኛ ሲመሽ መልሕቁን ጥሎ ያድር ነበር። የሱዌዝ ቦይ በኅዳር 1869 ሲከፈት ግን በእንፋሎት የሚሄዱት መርከቦች መጡ። እነዚህ የድንጋይ ከሰል የሚበሉ፣ ቀን የተቆረጠላቸው፣ ሌሊት መቆምን እንደ ኪሳራ የሚቆጥሩ ናቸው። ለእነርሱ የሚሆን መብራት የተገኘው በ1820ዎቹ ኦጉስተን ፍሬኔል የተባለ ፈረንሳዊ በፈለሰፈው ሌንስ ነው። ብዙ የመስታወት ስባሪ በእርከን ተደርድሮ በየአቅጣጫው ሊባክን የነበረውን የአንድ ፋኖስ ብርሃን ወደ አንድ ጨረር ይሰበስበዋል። (ፋኖስ የምንለው ቃል ራሱ ከግሪክ የመጣ የባሕር ማዶ እንግዳ መሆኑን ልብ ይሏል።) እያንዳንዱ ማማ ደግሞ የራሱ የሆነ የብልጭታ ልክ አለው፤ መርከበኛው ሰከንዶቹን ቆጥሮ የትኛው ዓለት አጠገብ እንዳለ ያውቃል። እንግዲህ የባሕር መብራት ተግባሩ ማብራት ብቻ ሳይሆን ስሙን መናገርም ነው።

የሰሜኖቹ ማማዎች ለጎብኚ የቀለሉ ናቸው። በግብፅ ባሕር «ወንድማማቾች» በሚባሉት ሁለት ትንንሽ ደሴቶች ላይ እንግሊዞች በ1883 ያቆሙት ማማ አለ፤ ዛሬ ጠላቂ ዋናተኞች በጀልባ እየሄዱ ያዩታል። በፖርት ሱዳን ፊት ለፊት በሳንጋነብ የኮራል ቀለበት ላይ የቆመውም እንዲሁ የታወቀ ነው። ዙሪያው በ2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። የ2023ቱ የሱዳን ጦርነት እስኪነሣ ድረስ ጎብኚው ደረጃውን ወጥቶ ከላይ ሆኖ የቀለበቱን አረንጓዴ ውኃ ይመለከት ነበር። የእነዚህ ባለቤት ማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ነገር የሚጀምረው ከዚያ በታች ነው።

ከሳንጋነብ ወደ ደቡብ ወርደን በምጽዋ ትይዩ ከዳህላክ ደሴቶች ስናልፍ፣ በባሕሩ መካከል ጀበል አል ጠይር የምትባል ብቸኛ እሳተ ገሞራ አለች፤ ትርጓሜዋ «የወፍ ተራራ» ማለት ነው። ከእርሷ በታች የዙበይር ደሴቶች፣ ከዚያም በታች በዙቃር አጠገብ አቡ ዓሊ የምትባል ጉብታ ትገኛለች። ውኃ የለባቸውም፣ ቋሚ ነዋሪም አልነበረባቸውም፤ ከሁለቱም ዳርቻ የሚመጡ ዓሣ አጥማጆች ያርፉባቸው ነበር እንጂ። በ1881 የኦቶማን መንግሥት በእነዚህ ደሴቶችና በሞካ ላይ መብራት እንዲያቆም ለአንድ የፈረንሳይ ኩባንያ የሥራ ውል ሰጠ። ማማዎቹ ተሠርተው ያለቁት በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ታሪክ የሕግ ተማሪን የሚያስደንቅ፣ ፖለቲከኛን ግን ሊያስጠነቅቅ የሚገባ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች ደሴቶቹን ያዙ። በ1923 በሎዛን በተፈረመው ውል አንቀጽ 16 ቱርክ በግዛቶቹና በደሴቶቹ ላይ ያላትን መብት ለቀቀች፤ ለማን እንደለቀቀች ግን ውሉ አልተናገረም። «የሚመለከታቸው ወገኖች ይወስኑት» ብሎ አለፈው። ከዚህ በኋላ ለሰባ ዓመታት ያህል መብራት ያላቸው ደሴቶች ጌታ ሳይኖራቸው ቆዩ። በአንድ በኩል እንግሊዝ፣ በሌላ በኩል ኤርትራን የያዘችው ኢጣሊያ ተፋጠጡ፤ በሚያዝያ 1938 ሁለቱ በሮም ባደረጉት ስምምነት አንዳቸውም በደሴቶቹ ላይ የባለቤትነት መብት ላይመሠርቱ ቃል ተገባቡ። በዚሁ ጊዜ መብራቱ ይበራል፤ ዘይት ይመጣል፤ ጠባቂው ይለወጣል። በ1962 ደግሞ መርከቦቻቸው በዚያ የሚያልፉ አገሮች ለንደን ላይ ተሰብስበው የአቡ ዓሊንና የጀበል አል ጠይርን መብራቶች ወጪ በጋራ ለመሸፈን ተስማሙ። በቀዝቃዛው ጦርነት እኩለ ቀን አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ለአንድ ፋኖስ ዘይት አብረው ሲከፍሉ ማየት የዘመኑ ብርቅ ነገር አይደለምን?

ያ ስምምነት ያበቃው በ1989 ነበር፤ ሁለቱን መብራቶች የመን ተረከበች። የዚያን ጊዜ የእኛን መንግሥት ያስጨነቀው የሰሜኑ ጦርነት እንጂ የአቡ ዓሊ ፋኖስ አልነበረም። ምጽዋ በየካቲት 1990 ከእጁ ወጣች፤ ኤርትራም በ1993 ነጻ አገር ሆነች። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1995፣ ኤርትራና የመን በሐኒሽ ደሴቶች ላይ ተታኮሱ። ሁለቱ በዚህ ከመቀጠል ታቅበው ጉዳያቸውን ለግልግል ዳኝነት መስጠታቸው፣ ይህ ጸሐፊ እስከ ዛሬ ከሚያደንቃቸው የቀጠናችን ጥቂት ውሳኔዎች አንዱ ነው።

በእንግሊዛዊው ዳኛ በሰር ሮበርት ጄኒንግስ የሚመራው ሸንጎ ፍርዱን የሰጠው በጥቅምት 9 ቀን 1998 ነው። የቀረበው ማስረጃ ብዙ ነበር። ኤርትራ መብቷን የመዘዘችው ከኢጣሊያ ወደ ኢትዮጵያ፣ ከኢትዮጵያ ወደ ራሷ በሚወርድ ሐረግ ስለነበር የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል የቅኝት መዝገብ ሳይቀር በሸንጎው ፊት ቀርቧል። መርከበኞቻችን በሌሊት የጻፉት መዝገብ ለሌላ አገር ጠበቃ መከራከሪያ መሆኑን አስቡት! ስለ ማማዎቹ ግን ዳኞቹ የያዙት አቋም ግልጥ ነበር፦ መብራት መትከልና ማብራት የመርከብን ደኅንነት መጠበቂያ ነው እንጂ በተለምዶ የሉዓላዊነት መለኪያ ተደርጎ አይቆጠርም። ፈረንሳዩ ኩባንያ ሠራው፣ እንግሊዝ አበራው፣ አሜሪካና ሶቪየት ከፈሉበት፤ ከእነዚህ አንዱም በዚህ ምክንያት የደሴቱ ጌታ አልሆነም።

ይሁን እንጂ ነገሩ በዚህ አይዘጋም። ጀበል አል ጠይርና የዙበይር ደሴቶች ለየመን ሲፈረዱ፣ ዳኞቹ ከመዘኗቸው ነገሮች አንዱ በ1989 መብራቶቹ ለየመን መሰጠታቸው ነበር። ርክክቡ ባለቤትነትን አልፈጠረም፤ ይሁንና መንግሥታቱ በዚያ አካባቢ ወደፊት የምትገኘው የመን ናት ብለው እንደጠበቁ ያሳያል ተባለ። ሁለት ቀጭን ማስረጃዎች በሚመዘኑበት ሚዛን ላይ ይህች ታህል ነገር ትከብዳለች። የዙቃርና የሐኒሽ ደሴቶችም ለየመን ሲሆኑ፣ ለአሰብ ዳርቻ የቀረቡት የሞሐባካና የሃይኮክ ደሴቶች፣ እንዲሁም የደቡብ ምዕራብ ዓለቶች የሚባሉት፣ ለኤርትራ ተወሰኑ። ከቀይ ባሕር ውጪ ተመሳሳይ ነገር ለማየት የሚፈልግ በ2008 የዓለም ፍርድ ቤት በሲንጋፖርና በማሌዥያ መካከል የሰጠውን ብይን ያንብብ። ከ1851 ጀምሮ የሆርስበርግ መብራት የሚበራበት ዓለት ለሲንጋፖር ተፈረደ፤ ለዚህ ያበቃት ግን ማማው ብቻውን አልነበረም። የጆሆር መንግሥት በ1953 «የዓለቱ ባለቤትነት የእኔ ነው አልልም» ብሎ የጻፈው ደብዳቤና የማሌዥያ ወገን የዘመናት ዝምታ ከብዶ ተገኝቷል።

የ1998ቱ ፍርድ አንድ ሌላ ነገርም አለው፤ በአገራችን የሐኒሽ ነገር ሲነሣ ብዙ ጊዜ የማይወሳ። የደሴቶቹ ባለቤት ማንም ይሁን ማን የሁለቱም ዳርቻ ዓሣ አጥማጆች እንደ ጥንቱ በአካባቢው እንዲያጠምዱና በደሴቶቹ እንዲያርፉ ሸንጎው ወስኗል። ማማዎቹ ከመቆማቸው አስቀድሞ ዓለቶቹን በጨለማ በስም ለይተው የሚያውቁት እነዚህ ሰዎች ነበሩና፣ ከፍርዱ ሁሉ ለዚህ ጸሐፊ ትክክለኛው ዐረፍተ ነገር ይህ ነው።

ጀበል አል ጠይር ራሷ ስለ ባለቤቷ ግድ አልነበራትም። በመስከረም 30 ቀን 2007 ፈንድታ በላይዋ ከነበሩት የየመን ወታደሮች የተወሰኑትን ገደለች። እንዲህ ያለውን ደሴት የሚጎበኝ በመርከብ ከሩቅ ሆኖ ይመልከት፤ ከ2023 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በመርከቦች ላይ ሚሳይል ሲወረወር በመቆየቱ ከሩቅም የሚያስደፍር አልሆነም።

በባብ ኤል መንደብ ጉሮሮ ላይ ያለችውን ፔሪምን በአጭሩ እንለፋት። እንግሊዞች በ1857 የያዟት ፈረንሳዮችን ቀድመው ነው። የፈረንሳይ መርከብ መኮንኖች ዓደን ላይ ለራት ተጋብዘው በወይን ጠጅ ምስጢራቸውን ሲያወጡ፣ ጋባዡ ከማዕድ ሳይነሣ ትእዛዝ ላከ የሚል የሚጣፍጥ ወሬ አለ፤ ወሬ ስለሆነ ግን ሁሉም አይቀበለውም። ማማዋ በ1861 በራ። እንግሊዞች ከፔሪም የወጡት ከመቶ ዓመት በኋላ በ1967 ነው። በዚህ ቦታ መብራቱና ሰንደቁ አብረው ገብተዋል።

አሁን ወደ ምሥራቅ፣ የአፍሪካ ቀንድ ወደ ሾለበት ወደ ጓርዳፉይ ራስ እንሂድ፤ ሶማሌዎቹ ራስ ዓሲር ይሉታል። የጉዞው ሁሉ ጫፍ ይህ ነው። ከደቡብ የሚመጣ መርከብ በክረምቱ ነፋስ ወራት፣ ሰማዩ በጭጋግ በተሸፈነበት ጊዜ፣ ራስ ሸናጊፍ የሚባለውን ከፍታ ያያል። ጓርዳፉይ ይመስለዋል። «ጫፉን አለፍሁ» ብሎ መሪውን ወደ ምዕራብ ሲያዞር በሁለቱ ከፍታዎች መካከል ባለው ዝቅተኛ አሸዋ ላይ ይወጣል። በ1877 ሜኮንግ የተባለው የፈረንሳይ መርከብ በዚህ ዳርቻ ጠፋ፤ የጠፋው እርሱ ብቻም አልነበረም። ለመርከብ ኩባንያዎቹ ይህ መቅሠፍት ነበር። ለመጀርቴን ሱልጣኔት ሰዎች ደግሞ ባሕር የላከው ሲሳይ ነበር፤ የተሰበረ መርከብ ንብረት የዳርቻው ባለቤት ነው የሚል ልማድ ነበራቸው፤ ሱልጣኑም ድርሻ አለው። እንግሊዞች ይህን ስለሚያውቁ መብራት በመትከል ፈንታ በ1884 ዓመታዊ ገንዘብ ለመክፈልና መርከብ የተሰበረባቸው ሰዎቻቸው እንዲጠበቁላቸው ከሱልጣኔቱ ጋር መዋዋልን መረጡ።

መብራቱን በመጨረሻ የተከለችው ኢጣሊያ ናት። በሚያዝያ 1924 ሲበራ የተሰጠው ስም «ፍራንቼስኮ ክሪስፒ» ነበር። የአገራችን አንባቢ ይህን ስም መንገር አያሻውም። በ1889 ጸደይ በአንድ በኩል ከመጀርቴኑ ሱልጣን ከቦቆር ዑስማን መሐሙድ ጋር፣ በሌላ በኩል ከምኒልክ ጋር በውጫሌ የተዋዋለው የሮም መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትር እርሱ ነበር። በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ዓድዋ ላይ የሆነው በሆነ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሥልጣኑ የወረደውም እርሱ ነው። ዓድዋ ያዋረደው ሰው ስሙ ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ በአፍሪካ ቀንድ ጫፍ ላይ እንዲበራ ተደረገ። ይህን እንደ ተራ የስም አወጣጥ ማለፍ የዋህነት ነው።

ከዚያም የፋሽስቱ አገረ ገዥ ቼዛሬ ደ ቬኪ በ1925 ሱልጣኔቱን በጦር ለማስገበር ተነሣ። መጀርቴኖች እስከ 1927 ተዋጉ፤ ቦቆር ዑስማን ተሸንፎ ሞቃድሾ ተወሰደ። የመጀመሪያው የብረት ማማ በ1930 በድንጋይ ማማ ተተካ። አዲሱ ማማ የተሠራው በፋሽስቶቹ ምልክት አምሳል ነው፤ በታሰረ የበትር ነዶ መካከል ስለቱ ወደ ጎን የወጣ መጥረቢያ። በህንድ ውቅያኖስ የሚያልፍ ሁሉ መጥረቢያውን ከሩቅ እንዲያይ ነበር አሳቡ። የሚገርመው መብራቱ በእውነት ሰው ማዳኑ ነው። የማንንም ባንዲራ የያዘ መርከበኛ በሌሊት ብልጭታውን ሲቆጥር ስለ ክሪስፒም ስለ ሞሶሎኒም አያስብም፤ ከአሸዋው መራቁን ብቻ ያስባል። ለዳርቻው ሰው ግን ያው ብርሃን የልማዱ ማክተሚያና የሱልጣኑ መማረክ ምልክት ነበር። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል አይቻልም።

ይህን ማማ ማፍረስ ይገባል የሚል ሰው ካለ፣ በስድስት ኪሎ የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ያለውን ደረጃ ይመልከት። ፋሽስቶች የሥልጣን ዓመታታቸውን በእርከን እየቆጠሩ የሠሩት ነው። ከነጻነት በኋላ አላፈረስነውም፤ በጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት፤ ተማሪዎች ዛሬም ከሥሩ ያልፋሉ። በጓርዳፉይ ግን አንበሳ ያስቀመጠ የለም። ቦታው በፑንትላንድ ግዛት ውስጥ ነው፤ የሚያደርስ የረባ መንገድ የለውም። ፋኖሱ ከጠፋ አሥርታት ዓመታት አልፈዋል፤ መርከቦች መንገዳቸውን በሳተላይት ያገኛሉ። ማማው ከገደሉ አናት ላይ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ የድንጋዩ መጥረቢያም አልወደቀም።