ከእንጅባራ ፈረሶች እስከ ቀይ ባሕር ኬብል

በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች እንጅባራ ላይ ይሰበሰባሉ። በዓሉ ዓድዋ የዘመተውን ፈረስ ያስታውሳል፤ በዚያ ዘመን ያለ ፈረስና በቅሎ ስንቅም ወሬም በጊዜው አይደርስም ነበርና። በዚያው ጦርነት ጠላት የያዘው ሌላ የወሬ ማመላለሻ ግን ብዙም አይነሳም፤ በባሕር ስር የተዘረጋ ሽቦ።

ጣሊያን በ1877 ዓ.ም. ምጽዋን ከያዘች ብዙ ሳይቆይ በቀይ ባሕር ስር የቴሌግራፍ ኬብል አስዘረጋች። ኬብሉ ሁለቱን የወደብ ከተሞች፣ ምጽዋንና አሰብን፣ አገናኘ። በመካከላቸው ያለው የደንከል በረሃ ስለሆነ በባሕር ስር መሄዱ ይቀል ነበር። ከአሰብ ወዲያ ግን መስመሩ ባብ ኤል መንደብ ላይ ወዳለችው የፔሪም ደሴት ይሻገር ነበር። ፔሪም ደግሞ በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ነበረች። ጣሊያን ሁለት ወደብ ይዛም ከሮም ጋር ለመነጋገር በሌላ መንግሥት ደጃፍ ማለፍ ነበረባት።

የካቲት 18 ቀን 1888 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ ለጄኔራል ባራቲየሪ የወቀሳ ቴሌግራም ላከ። ጦርነቱን እያንፏቀቅክ የአገርህን ክብር አዋረድክ የሚል መንፈስ ነበረው። ከአምስት ቀን በኋላ ባራቲየሪ ዓድዋ ላይ ተሸነፈ፤ ክሪስፒም ብዙ ሳይቆይ ሥልጣኑን ለቀቀ። ሽቦው የሮምን ቁጣ ወደ ግንባር አደረሰ እንጂ ተራራው ጀርባ ምን ያህል ሠራዊት እንዳለ ለባራቲየሪ አልነገረውም። ምኒልክ በበኩላቸው እንደ ባሻይ አውዓሎም ያሉ የአገሩን ሰው የሚያውቁ ወሬ አቀባዮች ነበሯቸው።

ከድሉ በኋላም ሽቦው የሚመጣው ከባሕር በኩል ነበር። አስመራን ከአዲስ አበባ ያገናኘውን የቴሌግራፍ መስመር የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው፤ የጂቡቲው በር በፈረንሳይ እጅ ነበር። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ስትቀላቀል ምጽዋና አሰብ ለአርባ ዓመት ያህል በኢትዮጵያ ሥር ሆኑ። ይሁንና የፋይበር ኬብል በቀይ ባሕር መዘርጋት የጀመረው ኤርትራ ነጻነቷን ባወጀችበት በ1985 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ኢትዮጵያ ኢንተርኔት የጀመረችው በ1989 ዓ.ም.፣ የባሕር በር ካጣች በኋላ ነው። በመሆኑም የራሷ የኬብል ማረፊያ ኖሯት አያውቅም፤ ዛሬም በዋናነት በጂቡቲ፣ በተጨማሪም በሌሎች ጎረቤቶች በኩል ትገናኛለች።

ባሕር ያለው አገር ሌላ ምርጫ አለው። አንጎላ ከረጅሙ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ የጠረፍ ከተሞቿን በባሕር ስር ኬብል አያያዘች፤ በኮንጎ መሬት ተቆርጣ የቀረችው ካቢንዳም የጎረቤት ድንበር ሳትረግጥ ከሉዋንዳ ጋር ተገናኘች። ኢትዮጵያ ይህን ማድረግ አትችልም። የወደብ ክርክሩ በ2016 ዓ.ም. እንደገና ሲነሳ ሁሉም ያወራው ስለ መርከብ ነው፤ ስለ ኬብል የተናገረ ጥቂት ነው። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ቀይ ባሕር ውስጥ በርካታ ኬብሎች ተጎድተው የእስያ፣ የአፍሪካና የአውሮፓ ግንኙነት ታውኳል። ወደብ መያዝ ከዚህ አያድንም፤ የሚያድነው በተለያየ አቅጣጫ የሚሄድ ከአንድ በላይ መስመር ነው።

የክርክሩ ሌላው ጫፍ ደግሞ ደጋው ላይ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ለወራትም ሳይከፈት ቆየ። ለዳንግላ ነጋዴና ለእንጅባራ ተማሪ ቀይ ባሕር ውስጥ የተበጠሰ ነገር አልነበረም። ኬብሉ ጂቡቲ ደርሷል፣ አዲስ አበባም ገብቷል፤ የቆመው እዚሁ አገር ውስጥ ነው።

ስለዚህ የባሕር በር ጥያቄ ሲነሳ ሁለት ነገር አብሮ መጠየቅ አለበት። አንደኛው ኬብሉ በማን ደጃፍ ያልፋል የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ አገር ውስጥ ከገባ በኋላ መዝጊያው በማን እጅ ነው፣ በየትኛው ሕግስ ይዘጋል የሚለው ነው። የመጀመሪያው ከጎረቤት ጋር የሚያደራድር ነው። ሁለተኛው ግን ጎረቤት አያስፈልገውም፤ ወደብ ሳይገኝም ዛሬውኑ መልስ ሊሰጠው ይችላል።